ኮስታራው ኮሜዲና የተመልካች ሳቅ፤ «ዘ ሎብስተር» በተሰኘው ፊልም መነሻነት

መግቢያ

ኮሜዲ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሚያስቅ ፊት ነው። ተዋናዩ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይወላገዳል፣ ድምፁን ያቀጥናል፤ ተመልካቹም «አሁን ሳቅ» የተባለ ያህል ይስቃል። ይሁንና የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ መንገድም አለ። ተዋናዩ ፊቱን ሳይፈታ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ ጆሮ የማይቀበለውን ነገር ልክ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ኮስተር ብሎ ይናገራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ኮስታራ ኮሜዲ» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ኮሜዲ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የግሪኩ አዘጋጅ ዮርጎስ ላንቲሞስ የሠራው «ዘ ሎብስተር» የተሰኘ ፊልም ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድን ትዕይንት አብረን እያየን አንዱ ከት ብሎ ሲስቅ፣ ሌላው ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ሦስተኛው ተነሥቶ ሲወጣ ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ እስከገባኝ ድረስ በዚህ ፊልም ውስጥ ኮስታራነቱ የቀልድ ስልት ብቻ አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩበት ዓለም ሕግም ነው። ተመልካቹም የሚለያየው ይህን በሚረዳበት ቅጽበት ነው። ፊልሙን ላላያችሁ አስቀድሜ ላሳስብ፤ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ነው የምተርከው።

ስለ ፊልሙ በአጭሩ

«ዘ ሎብስተር» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ላንቲሞስ ጽሑፉን የደረሰው ከአገሩ ልጅ ከኤፍቲሚስ ፊሊፑ ጋር ሲሆን፣ በ2017 ለኦስካር በምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ ዘርፍ ታጭተዋል። ለላንቲሞስ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊልሙ ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው በግሪክኛ በሠራቸው ፊልሞች፣ በተለይም በ2009ኙ «ዶግቱዝ» ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ስሙ ባልተጠቀሰ አገር ያለ ትዳር አጋር መኖር ክልክል ነው። ሚስቱ ለሌላ ሰው ስትል የተወችው ዴቪድ (ኮሊን ፋረል) ወደ አንድ ሆቴል ይወሰዳል። በ45 ቀን ውስጥ የሚስማማውን ሰው ካላገኘ ራሱ ወደመረጠው እንስሳ ይለወጣል። አብሮት ያለው ውሻ ከእሱ በፊት ያልተሳካለት ወንድሙ ነው። ዴቪድ የመረጠው ሎብስተር የተባለውን ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ስለሚራባ፣ እሱም ባሕር ስለሚወድ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ (ኦሊቪያ ኮልማን) ምርጫውን ሰምታ ታደንቅለታለች። አስቡት እንግዲህ፤ ሰውዬው እንስሳ ሊሆን ነው፣ እነሱ ግን የሚያወሩት የክፍል ቁልፍ እንደሚረከብ እንግዳ ነው።

የሆቴሉ ሰዎች ጫካ እየገቡ ብቸኞችን በማደንዘዣ ጠመንጃ ያድናሉ፤ ለያዙት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ይጨመርላቸዋል። ጥንዶች የሚጣመሩት በጋራ ምልክት ነው። የሚያነክስ ለምታነክስ፣ ነስር ያለበት ነስር ላለባት። ዴቪድ በኋላ አምልጦ ጫካ ይገባል። ጫካው ውስጥ ያሉት ብቸኞች ደግሞ በሊያ ሴይዱ በምትተወን መሪ ሥር ሆነው ፍቅርን ክልክል አድርገዋል። የሚደንሱት እንኳ እያንዳንዳቸው በየጆሮ ማዳመጫቸው፣ ለየብቻቸው ነው። ዴቪድ ፍቅር የሚይዘው እዚያ፣ ፍቅር በተከለከለበት ቦታ ነው፤ እንደ እሱ ከሩቅ አጥርታ ከማታይ ሴት (ሬቸል ቫይስ) ጋር።

አብረን ስናየው

ፊልሙ ሲወጣ ብዙ ሐያስያን አወድሰውታል። ተራው ተመልካች ግን ለሁለት ተከፍሏል፤ «እንደዚህ ያለ አላየሁም» የሚለውና «ሁለት ሰዓቴን በላው» የሚለው። እኔም ከጥቂት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሳየው ይኸው ክፍፍል በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደገመ።

በመጀመሪያው ትዕይንት አንዲት ሴት በዝናብ መኪና ነድታ ሜዳ ላይ ትቆምና ወርዳ አንዲት አህያ በሽጉጥ ትገድላለች። ምክንያቱ አይነገረንም። ከመካከላችን አንዱ ሳቀ፤ ሌላዋ «ምን አደረገቻት?» አለች። ዴቪድ የጫማውን ቁጥር ሲጠየቅ ግማሽ ቁጥር የለም ሲባል ሁላችንም ሳቅን። ያልተግባቡ ጥንዶች ልጅ እንደሚታደላቸው፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚጠቅም ሥራ አስኪያጇ ስትናገር ሳቁ በረታ። በዚያው ልክ ግን አንድ ጓደኛችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልሳቀም። «ተዋንያኑ ምን ነካቸው? ጽሑፍ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት» ይል ነበር። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ትወና ስንማር ስሜት ይታይ፣ ድምፅ ይሰማ እየተባልን ነው የምንማረው።

ሳቁ ከየት ይመጣል?

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሰን በ1900 ስለ ሳቅ ባሳተመው ሥራው ሁለት የሚጠቅሙን ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ ለመሳቅ ልባችን ለጊዜው መደንዘዝ አለበት የሚል ነው፤ ለሰውዬው እያዘንን በሰውዬው አንስቅም። ሁለተኛው፣ ሕይወት ያለው ሰው እንደ ማሽን ሲሆን ያስቃል የሚል ነው። ቢሮክራሲ የሚያስቀን ለዚህ ነው። ሰው ፊታችን ቆሞ ቅጽ ብቻ ሲያይ እንስቃለን፤ እኛው ራሳችን ባለጉዳይ ካልሆንን።

«ዘ ሎብስተር» ሁለቱንም ይጠቀማል። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ቅጽ እንደሚሞሉ ሰዎች ነው። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን፣ በ1920ዎቹ፣ ባስተር ኪተን በማይፈታ ፊቱ ታዋቂ ነበር። ቤት ሲፈርስበት እንኳ ፊቱ አይለወጥም። የኪተን ተመልካች ግን ያለ ስጋት ይስቃል፤ ሰውዬው አቧራውን አራግፎ እንደሚነሣ ያውቃልና። ላንቲሞስ የኪተንን ፊት ወስዶ ሕመሙን እውነተኛ አደረገው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ የቴክኒኩም እገዛ አለ። አብዛኛው ፊልም የተቀረጸው በተፈጥሮ ብርሃን፣ ያለ ሜካፕ ነው። የምናየው ሆቴልም አየርላንድ ውስጥ በኬሪ የሚገኝ እውነተኛ ሆቴል ነው። ዓለሙ የወደፊት ዘመን አይመስልም፤ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነው የሚመስለው። በተጨማሪም ተራኪዋ የምናየውን ነገር ደግማ ትነግረናለች፤ ድምፁ የማን እንደሆነ የምናውቀው ግን ቆይተን ነው። ስሜትን የሚመራ እጅ ስለሌለ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ስሜት ለራሱ መምረጥ ይኖርበታል። ለዚህም ነው በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ዓይነት ስሜት የሚኖረው።

ሳቁ የት ይቆማል?

የፊልሙ ማጠፊያ የምለው ሁለት ተከታታይ ሁኔታዎችን ነው። ቀኗ ያለቀባት፣ ለሁሉም ሰው ብስኩት የምታቀርብ አንዲት ሴት ከሆቴሉ መስኮት ራሷን ትወረውራለች። መሬት ላይ ወድቃ ትጮኻለች። ዴቪድ ይህን ጊዜ በሆቴሉ ውስጥ ልበ ደንዳና ከምትባለው ሴት ጋር እያወራ ነው። ከእሷ ጋር ለመጣመር ስለወሰነ እሱም እንደ እሷ ልበ ደንዳና መምሰል አለበት፤ ስለዚህ ስለ ወደቀችው ሴት በቅዝቃዜ ይናገራል። እኛ ክፍል ውስጥ እዚህ ላይ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ዝም አለ፤ የሳቁትም ወዲያው ዞር ብለው ሌላውን አዩ።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ትፈትነዋለች። ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ ትን ያላት መስላ ስትታፈን ዴቪድ ንቅንቅ አይልም። ፈተናውን አለፈ፤ ተጣመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ውሻውን፣ ወንድሙን፣ በእርግጫ ገድላ ትነግረዋለች። ዴቪድ ጥርሱን ሊቦርሽ ይሞክራል፣ ፊቱን ኮስተር ለማድረግ ይታገላል፤ እንባው ግን ያመልጠዋል። በእንባው ተያዘ።

ያኔ ነው ነገሩ የሚገለጥልን። እስከዚያ ስንስቅበት የነበረው ደረቅ ፊት የደራሲዎቹ ቀልድ ብቻ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ለመቆየት ሲሉ የለበሱት ፊት ነው። ስሜት ማሳየት እዚያ አገር ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል። «ጽሑፍ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት» ላለው ጓደኛችን የምሰጠው መልስም ይኸው ነው። አዎን፣ ያነባሉ፤ ሌላ ሰው የጻፈላቸውን ሕይወት ነው የሚያነቡት። ፋረል በመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት ላይ የሚሠራው ትወና ከብዙ ጩኸት ይበልጣል፤ ስሜቱን ከማውጣት ይልቅ ሲያፍነው ነው የምናየውና።

«ሁለተኛው አጋማሽ ይሰለቻል»

ብዙ ተመልካች ሆቴሉን ወዶ ጫካውን ይጠላል። እኔ ቅሬታው ይገባኛል፤ ፍጥነቱ እውነትም ይቀንሳል። ሆኖም ከሆቴሉ ስናመልጥ የጠበቅነው ነጻነት ነበር። የተሰጠን ግን ሌላ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ መሽኮርመም ያስቀጣል፣ እያንዳንዱም የገዛ መቃብሩን አስቀድሞ ይቆፍራል። ፊልሙ በሆቴሉ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ «ትዳርን ማስገደድ መጥፎ ነው» የሚል ቀላል መልእክት ይዘን እንወጣ ነበር። ጫካው ግን ያንን መልእክት ከእጃችን ይነጥቀናል። መሰልቸቱ በከፊል ከዚህ ንጥቂያ የመጣ ይመስለኛል።

ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይነግረናል?

ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሣ። አንደኛው ስለ ይዘቱ ነው። እኛ አገር ያላገባ ሰው እንስሳ አይደረግም፤ ግን «ቆሞ ቀር» የሚል ቃል አለን። በየዘመድ ቤቱ፣ በየሰርጉ «አንተስ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ፈገግ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አብረውን ካዩት መካከል በሆቴሉ ትዕይንቶች ከሁሉ ያነሰ የሳቀችው ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ የሚደርሳት ልጅ ነበረች። በርግሰን እንዳለው ልቧ አልደነዘዘም፤ ባለጉዳይ ናታ!

ሁለተኛው ስለ ሙያችን ነው። ሆቴሉ ውስጥ ሠራተኞቹ ለእንግዶች አጫጭር ተውኔት ያሳያሉ። ሰው ብቻውን ሲበላ ትን ይለውና ይሞታል፤ ከሚስቱ ጋር ሲበላ እሷ ታድነዋለች። ሴት ብቻዋን ስትሄድ ትደፈራለች፤ ከባሏ ጋር ስትሄድ ማንም አይነካትም። ተውኔቱ አለቀ፣ ተጨበጨበ። እኛ በትምህርታዊ ተውኔት ስም የምንሠራቸውን አንዳንድ ሥራዎች ስንቶቻችን አስታወስን? ችግር፣ መፍትሔ፣ ጭብጨባ። ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚችልበት ቀዳዳ የሌለው ተውኔት፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ቅርጹ ከሆቴሉ መድረክ አይርቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ

በፍጻሜው የብቸኞቹ መሪ ፍቅራቸውን ደርሳበት ሴቲቱን ዓይኗን ታሳውራታለች። የጋራ ምልክታቸው ጠፋ። ሁለቱ አምልጠው ወደ ከተማ ይሄዳሉ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዴቪድ የሥጋ ቢላዋ ይጠይቅና ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቢላዋውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። እሷ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ፊልሙ እዚያው ያልቃል።

እኛም ክርክር ጀመርን። «አደረገው፣ ይወዳታላ!» አለ አንዱ። «አላደረገውም፣ በመስኮት ወጥቶ ሄዷል» አለች ሌላዋ። ክርክሩ ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ተቀብለዋል። ዓይኑን ካወጣ ይወዳታል፣ ካላወጣ አይወዳትም የሚል ነው። ይህ ደግሞ የሆቴሉ ሕግ ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንስቅበት ቆይተን በመጨረሻ ፍቅርን የምንመዝነው በዚያው ሚዛን ሆነ። «ዓይነ ስውር የሆነችን ሴት ማየት የሚችል ሰው ለምን መውደድ አይችልም?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ የ«ዘ ሎብስተር» ተመልካቾች መለያየት የፊልሙ ጉድለት አይደለም፤ ገሚሱ አስተዋይ ገሚሱ ደካማ በመሆኑም አይደለም። ፊልሙ መቼ መሳቅ እንዳለብን ስለማይነግረን እያንዳንዱ የሚስቀው ከቆመበት ቦታ ነው። ሕጉ ሩቅ ለሆነበት ሰው ኮሜዲ ነው፤ ሕጉ ለሚያውቀው ሰው ሌላ ነገር ነው። እንግዲህ ተውኔት ስንመድብም ሆነ ስናዘጋጅ «ተመልካቹ ሳቀ ወይስ አልሳቀ?» ብለን ብቻ ባንመዝን እላለሁ። ማን ሳቀ፣ ማን ዝም አለ፣ ሳቁስ የት ላይ ተቋረጠ? መልሱ ስለ ሥራውም ስለ ተመልካቹም ብዙ ይነግረናል።