ባዶው አደባባይ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶግራፍ ስናገኝ ከሥሩ የተጻፈውን ዓመት አንብበን እናልፋለን። ዓመቱ ካልተጻፈ ደግሞ «የጥንት ነው» ብለን እንገላገላለን። ለታሪክ አስተማሪ ይህ አይበቃም። ዛሬ የአዲስ አበባን አራዳ ይዘን፣ ፎቶግራፉ ራሱ ዘመኑን እንዲነግረን እንዴት እንደምንጠይቀው እናያለን።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። እንግዲህ ሐውልቱ የማይታይበት ፎቶግራፍ ሁሉ ከ1923 በፊት የተነሣ ነው? ቸኩለን «አዎ» ካልን ተሳሳትን። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ከተማውን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ነው። ስለዚህ ባዶው አደባባይ ሁለት ዘመን አለው ማለት ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዓይናችንን ከመሀል አንስተን ወደ ዳር እንውሰድ። ገበያተኛው ግጥም ብሏል? ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ የተዛወረው በወረራው ዘመን ነው። የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ የማን ነው? የሱቁ ጽሑፍስ በምን ቋንቋ ነው?

መኪኖቹም ይናገራሉ። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ነው። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ፤ ፊልሙ ተገልብጦ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሱቁ ፊደል በትክክል መነበቡን ሳናይ አንፍረድ።

ቀድሞ ተማሪውን «ፒያሳ ሄደህ አመሳክር» ማለት ይቻል ነበር። የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል በጥር 2007 እሳት ጎዳው፤ በ2016 ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። እዚያው ያደገ ሰው እንኳ ዛሬ የሰፈሩን መታጠፊያ ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ የቀረን ፎቶግራፉና የሚያውቀው ሰው ናቸው፤ ሰውየው ደግሞ አይጠብቀንም።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እንሞክረው። መግለጫውን በወረቀት ሸፍነን ፎቶግራፉን ለክፍሉ እናሳይ። ከዚያም ልጆቹ የየሰፈራቸውን የድሮ ፎቶግራፍ ይዘው ይምጡ፤ ቦታውን፣ ዓመቱንና ማን እንደነገራቸው ከጀርባው ይጻፉ። ነጋሪው «ይመስለኛል» ካለ «ይመስለኛል» ተብሎ ይጻፍ። ጽሑፉ በእርሳስ፣ ያውም ለስለስ ተደርጎ ይሁን። እስክሪብቶ ተጭኖ ፊቱን ያበላሸዋል።