ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ግሥና መስተዋድዱ

ተማሪዎች፣ መስተዋድድ ምን እንደ ሆነ ባለፈው ትምህርት አይታችኋል። «ከ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ወደ»፣ «ስለ»፣ «እስከ»፣ «እንደ» እና «ያለ» ከስም በፊት እየገቡ ስሙን ከሌላው የዓረፍተ ነገር ክፍል ጋር ያገናኛሉ። መስተዋድድ የሚለው ስያሜም የሚያዋድድ፣ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያገጣጥም ማለት ነው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» የአማርኛን ቃላት በአምስት ክፍሎች ሲመድቡ፣ ከስም፣ ከግሥ፣ ከቅጽልና ከተውሳከ ግሥ ጋር መስተዋድድን ራሱን የቻለ ክፍል አድርገውታል። የዛሬው ትምህርት የሚያተኩረው መስተዋድድ ከግሥ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ነገሩ የአንድ ፊደል ጉዳይ ነውና ቀላል ይመስላል። ቀላል መሆኑን ወይም አለመሆኑን ግን ትምህርቱን ስትጨርሱ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን አንቀጽ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ደጋ፣ የከታር ወንዝ ደግሞ ከአርሲ ደጋ ይነሣሉ። ሁለቱም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ቡልቡላ ግን ከሐይቁ ይወጣል፤ በአዳሚ ቱሉ በኩል አልፎም ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አዳሚ ቱሉ ቀድሞ ዝዋይ ትባል ከነበረችው ከባቱ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። የአካባቢው ገበሬ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ምርቱን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴውም በመኪና ጭኖ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ውሃው ለመስኖና ለሌላም ሥራ በብዛት ሲውል ወደ አብያታ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ አብያታም ባለፉት አሥርት ዓመታት ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሰዎች ስለ ውሃ ይነጋገራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በውሃ ይጣላሉ።

በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ግሦች አንድ በአንድ ተመልከቱ። «ተነሣ» እና «ወጣ» መነሻቸውን በ«ከ» አመልክተዋል፤ «ወረደ» እና «ወሰደ» መድረሻቸውን በ«ወደ» አመልክተዋል፤ «ሸጠ» ዕቃውን የሚቀበለውን ሰው በ«ለ» አስከትሏል፤ «ተነጋገረ» የንግግሩን ጉዳይ በ«ስለ» አምጥቷል። «ለነጋዴ ይሸጣል» የሚለውን «ስለ ነጋዴ ይሸጣል» ብንለው ሐሳቡ ይፈርሳል። ከዚህ የምንረዳው፣ ግሥ የሚስማማውን መስተዋድድ ራሱ እንደሚመርጥ ነው።

ለ. አንድ መስተዋድድ ከብዙ ግሦች ጋር

ብዙ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ መስተዋድድ አንድ ቋሚ ትርጉም ይሰጣሉ። «ከ» መነሻን ያመለክታል ብለው በቃላቸው ይይዛሉ። ይህ ምን ያህል እንደሚያስኬድ በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች እንመርምር።

1. ገበሬው ከቤት ወጣ።
2. ገበሬው ከቤት ገባ።
3. ገበሬው ከቤት ዋለ።
4. ገበሬው ከጎረቤቱ ይበልጣል።

በአንደኛው ዓረፍተ ነገር «ከቤት» መነሻ ነው። በሁለተኛው መድረሻ ነው። በሦስተኛው ገበሬው አልተንቀሳቀሰም፤ «ከቤት» ቀኑን ያሳለፈበትን ቦታ ያመለክታል። በአራተኛው ደግሞ «ከ» ማወዳደሪያ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ባለቤቱም ሐረጉም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ግሡ ብቻ ነው። እንግዲህ የ«ከ»ን ትርጉም የወሰነው ግሡ ነው። ስለዚህ መስተዋድድን ብቻውን አታጥኑ፤ ከግሡ ጋር አጥኑት። «ወጣ» የሚለውን ስታጠኑ «ከ… ወጣ»፣ «ተስማማ» የሚለውን ስታጠኑ «ከ… ጋር ተስማማ» እያላችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉ።

ሐ. አንድ ግሥ ከሁለት መስተዋድዶች ጋር

አሁን ደግሞ ግሡን ሳንለውጥ መስተዋድዱን ብቻ እንለውጥ።

1. ዳኛው ለገበሬው ፈረደ።
2. ዳኛው በገበሬው ፈረደ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገበሬው ረቺ ነው፤ በሁለተኛው ተረቺ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የ«ለ» እና የ«በ» ልዩነት ብቻ ነው። «መሰከረ»፣ «ተናገረ» እና «ጮኸ» የሚሉት ግሦችም እንዲሁ ናቸው፤ «ለ» ጥቅምን፣ «በ» ጉዳትን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ «በ» ከተገብሮ ግሥ ጋር ሲመጣ ድርጊቱን የፈጸመውንም ያመለክታል። «በገበሬው ተፈረደ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የፈረደው ገበሬው ነው ወይስ የተፈረደበት? አንባቢ ያመነታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከስሙ በኋላ «ላይ» የሚለውን ቃል ማስገባት ጥርጣሬውን ያስወግዳል፤ «በገበሬው ላይ ተፈረደ» ሲባል የተረታው ገበሬው መሆኑ ይታወቃል። በመደበኛ ጽሑፍ ይህን ቃል አትርሱ።

መ. በግሡ ላይ የሚለጠፉት «ለ» እና «በ»

አማርኛ «ለ»ን እና «በ»ን ከስም በፊት ብቻ አይተዋቸውም፤ ከግሡ ጋር አያይዞ የሰውን ምልክት ያስከትልባቸዋል። «ፈረደለት»፣ «ፈረደባት»፣ «መሰከሩላቸው» እንላለን። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አስተውሉ።

በቆሎው ገና እሸት ሳይዝ ዝናብ ጣለ፤ ለገበሬው ዘነበለት። የጎረቤቱ ጤፍ ግን ታጭዶ በአውድማ ላይ ተከምሮ ነበር፤ ዘነበበት።

ዝናቡ አንድ ነው፤ የዘነበውም በአንድ ቀን ነው። ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው ጥፋት መሆኑን ለመግለጽ አማርኛ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። «በሬው ሞተበት»፣ «ልጁ ዳነለት» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

በዚህ ክፍል ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በግሡ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ከስሙ ጋር በጾታና በቁጥር መስማማት አለበት። «ለሴትዮዋ ፈረደላት»፣ «ለገበሬዎቹ ፈረደላቸው» እንላለን እንጂ ለሁሉም «ፈረደለት» አንልም። ሁለተኛ፣ «በት» ሁልጊዜ ጉዳትን አያመለክትም። «የተቀመጠበት ድንጋይ» ስንል ቦታን፣ «የቆፈረበት ዶማ» ስንል መሣሪያን ማመልከታችን ነው።

ሠ. ውልና ደረሰኝ

ከእናንተ መካከል ለወላጁ ወይም ለጎረቤቱ ማመልከቻ፣ ደረሰኝ ወይም ውል እንዲጽፍ ያልተጠየቀ ጥቂት ነው። ፊደል ያልቆጠረ አባት ወይም ያልቆጠረች እናት የጻፋችሁትን ማንበብ አይችሉም፤ እናንተን አምነው አውራ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። የሚከተሉትን ሁለት ደረሰኞች አነጻጽሩ።

1. የሽንኩርት ዋጋ ብር 3000 ለገበሬው ተከፈለ።
2. የሽንኩርት ዋጋ ብር 3000 በገበሬው ተከፈለ።

በመጀመሪያው ደረሰኝ ገንዘቡን የተቀበለው ገበሬው ነው። በሁለተኛው ገንዘቡን የከፈለው ገበሬው ነው። ሽንኩርቱን ያመረተው ሰው ገዢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ጠብ ተነሥቶ ወረቀቱ ከሽማግሌዎች ወይም ከዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚነበበው የተጻፈው ነው፤ ጸሐፊው በልቡ ያሰበው አይነበብም።

ውል ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የምትገለገሉባቸው ግሦች በጥንድ የሚሄዱ ናቸው። ሰጪው ወገን «ለ»ን፣ ተቀባዩ ወገን «ከ»ን ይመርጣል።

ለ… ሰጠ — ከ… ተቀበለ
ለ… ሸጠ — ከ… ገዛ
ለ… አበደረ — ከ… ተበደረ
ለ… አከራየ — ከ… ተከራየ

«ግማሽ ሄክታር መሬቴን ለሁለት ዓመት ለነጋዴው አከራየሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥርት ያለ ነው። «ከነጋዴው አከራየሁ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ግሡ ተናጋሪውን አከራይ፣ መስተዋድዱ ደግሞ ተከራይ ያደርገዋል። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለባለጉዳዩ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነም መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አስፈርሙት ወይም አውራ ጣቱን እንዲያሳርፍ አድርጉ የምትሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ረ. ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስትሻገሩ

እያንዳንዱ ቋንቋ ግሥንና መስተዋድድን የሚያገጣጥምበት የራሱ መንገድ አለው። በእንግሊዝኛ «ሉክ» የሚለው ግሥ «አት» ሲከተለው መመልከት፣ «ፎር» ሲከተለው መፈለግ፣ «አፍተር» ሲከተለው መንከባከብ ይሆናል። አማርኛ ለሦስቱ ሦስት የተለያዩ ግሦች አሉት። እንግሊዝኛ «ዌይት» ከሚለው ግሥ በኋላ «ፎር»ን ይፈልጋል፤ ይህን ቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ «ለአውቶቡሱ ጠበቅሁ» ብሎ ይጽፋል። የአማርኛው ግሥ ግን ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳልና «አውቶቡሱን ጠበቅሁ» ማለት ይገባዋል። «ለአውቶቡሱ ጠበቅሁ» ጆሮ የማይቀበለው አማርኛ ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። አማርኛ «ስለ ውሃው ተወያየን» ስለሚል፣ ብዙ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ «ዲስከስ» ከሚለው ግሥ በኋላ «አባውት»ን ይጨምራሉ። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ይወስዳል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ብዙውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለምትማሩ ይህን ዓይነት ስሕተት በሁለቱም ደብተሮቻችሁ ተከታተሉት።

አፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ኦሮምኛ የሆነ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ልዩነት ታገኛላችሁ። «መነ ኬሰ» ስትሉ አገናኙ ቃል ከስሙ በኋላ ይመጣል። አማርኛ «በቤት ውስጥ» ሲል አንዱን ከስሙ በፊት፣ ሌላውን ከስሙ በኋላ ያስገባል። «ውስጥ» ከ«ኬሰ» ጋር ቦታቸው ይመሳሰላል፤ ከፊት የሚገባውን «በ»ን ግን በመደበኛ ጽሑፍ እንዳትዘነጉት ጥንቃቄ አድርጉ።

ማጠቃለያ

መስተዋድድ ትርጉሙን የሚያገኘው ከግሡ ጋር ሲገጥም ነው። ግሡ ሲለወጥ የመስተዋድዱ ትርጉም ይለወጣል፤ መስተዋድዱ ሲለወጥም ሰጪው ተቀባይ፣ ረቺው ተረቺ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ «ማን ለማን? ማን ከማን? ማን በማን ላይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

መልመጃ

አንድ፦ በባዶ ቦታው ተስማሚውን መስተዋድድ አስገቡ።
1. ቡልቡላ ___ዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ___አብያታ ይወርዳል።
2. ተማሪዋ መጽሐፉን ___ጓደኛዋ ተዋሰች።
3. ምስክሩ እውነቱን ተናግሮ ___ተከሳሹ መሰከረለት።
4. ሽማግሌዎቹ ___መስኖው ውሃ ቀኑን ሙሉ ተነጋገሩ።

ሁለት፦ የሚከተሉትን ጥንዶች የትርጉም ልዩነት በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።
1. አዘነለት፣ አዘነበት
2. ጮኸላት፣ ጮኸባት
3. ከገበያ ወጣ፣ ከገበያ ዋለ

ሦስት፦ የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አርሙ።
1. ለመምህራችን በጥሞና አዳመጥን።
2. ዳኛው ለሴትዮዋ ፈረደለት።
3. የውሃ መሳቢያውን ሞተር ለጎረቤቴ ተከራይቼ ኪራዩን ከፈልሁት።

አራት፦ አንድ ገበሬ አሥር ኩንታል ቲማቲም ለአንድ ነጋዴ ሸጦ ከዋጋው ግማሹን ተቀብሏል፤ ቀሪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይከፈላል። የስምምነቱን ወረቀት ከስምንት በማይበልጡ መስመሮች ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ማን ለማን ምን እንደሚከፍል በትክክል መልሶ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ መስተዋድዶቹን መርምራችሁ እንደ ገና ጻፉት።