ጦርነት ባለፈበት አገር ሕሙማንን ስለ መርዳት

በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ አገር የጆሴፍ ኮኒ ሽፍቶች ያነሡት ጦርነት ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ጋብ አለ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን ትቶ በመጠለያ ሰፈር ተጨናንቆ ነበር። ሕፃናትም ታፍነው እንዳይወሰዱ ፈርተው፥ ማታ ማታ በላቾር ሆስፒታል ግቢ ያድሩ ነበር።

በዚሁ ሆስፒታል ሉሲል ቲስዴል የምትባል ካናዳዊት ሐኪም ነበረች። የጦር ቁስለኞችን ስትቀድ ኤች አይ ቪ ያዛት፤ በ1985 ይህን ባወቀች ጊዜ ሥራዋን አልተወችም፤ በ1996 ሞተች። ይህ ደዌ የዝሙት ዋጋ ነው ብሎ ለሚፈርድ ሰው የእርስዋ ነገር ይበቃዋል። በሌላ መንገድ የያዘውም ቢሆን ያው ወንድማችን ነው፤ ከየት አመጣኸው ብለን እንድንመረምረው ማን ሾመን?

አሁን ግን ዋናውን ነገር አስተውል፤ በእኛም አገር ጦርነት ያለፈበት ስፍራ አለና። ሰላም በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። በሰፈሩ ሳለ መድኃኒቱ ይቀርበው ነበር፤ መንደሩ ግን ከሐኪም ቤት ይርቃል። እንዲህም ሆኖ ሰላሙ ራሱ ብዙውን ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ አራቀው። መድኃኒቱም በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ሳያቋርጥ የሚውጠው ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይደክምለታል፥ ያን ጊዜም በሩካቤ ወደ ሌላ አይተላለፍም፤ ያቋረጠ ግን ዳግመኛ ይበረታበታል።

እንግዲህ መርዳት ብትወድ አስቀድመህ የመንደሩን ሰዎች ጠይቅ። ኖሪን ካሊባ ባልዋን በዚህ ደዌ ካጣች በኋላ፥ በ1987 ከባልንጀሮችዋ ጋር በኡጋንዳ ታሶ የተባለውን ማኅበር አቆመች፤ ከመሥራቾቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ሕሙማን ነበሩ። በየትኛው ቤት ዱቄት እንዳለቀ፥ የትኛዋ ሴት መድኃኒትዋን ከባልዋ እንደምትሸሽግ የሚያውቁ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። የሚያስፈልጋቸውም የመኪና ኪራይ፥ እህልና ኮንዶም ነው። ኮንዶም ስል የሚከፋ ምእመን እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ቀድሞ ከእነርሱ ነበርሁ። በግፍ የተደፈረች ሴት ብታገኝ ከ72 ሰዓት በፊት ወደ ሐኪም አድርሳት፤ ቫይረሱ እንዳይዛት የሚሰጥ መድኃኒት አለና። ድነሃልና መድኃኒትህን ጣል የሚለውን ሰባኪ አትስማ።

የሕመምተኛውንም ስም ስለ ጸሎት እንኳ ብለህ በጉባኤ አትጥራ፤ ስሙ በተጠራ ማግስት መድኃኒት ወደሚታደልበት ስፍራ መሄድ አፍሮ የሚቀር አለና።