የአያቶች ትውስታና የልኬት ትምህርት

የፊዚክስ ተማሪ ቤተ ሙከራ ሲገባ በቅድሚያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ማንኛውም ልኬት ከስህተት መጠኑ ጋር መገለጽ እንዳለበት ነው። «ይህን ያህል ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል ነው» ማለት ይጠበቅብናል። በዚህ ጽሑፍ ይኸው ሥርዓት በዕድሜ የገፉ አያቶቻችን በሚነግሩን የቤተሰብ ታሪክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ምሳሌው ከራሳችን ቤት የተወሰደ ሲሆን፣ ግማሹ የተሳካ፣ ግማሹ ደግሞ የዘገየ ሙከራ ነው።

ትውስታ እንዴት ይደበዝዛል?

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የመርሳትን ሂደት በቁጥር አሳይቷል። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ይህ የራዲዮአክቲቭ መፈራረስን ያስታውሰን ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ካርቦን-14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የቀረውን ለክተን ያለፈውንም የሚመጣውንም ማስላት እንችላለን። የሰው ትውስታ ግን ቋሚ ግማሽ ዕድሜ የለውም። አያቶቻችን እስከ መቼ እንደሚያስታውሱ አስቀድሞ የሚነግረን ቀመር የለም።

እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳመለከተው፣ ማስታወስ የተቀመጠን ዕቃ እንደማውጣት ሳይሆን ታሪኩን በየጊዜው እንደገና እንደመገንባት ነው። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 ትውስታ በሕመም ሲጎዳ የቅርቡ ቀድሞ፣ የጥንቱ ዘግይቶ እንደሚጠፋ ጽፏል። በአልዛይመር በሽታ አስቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች መካከል አዲስ ትውስታን የሚመዘግበው ሂፖካምፐስና አካባቢው ይገኛሉ። ስለዚህ የዛሬውን ቁርስ የረሱ አያት የልጅነታቸውን ዘመን አጥርተው ሊነግሩን ይችላሉ። ይህ ግን ለዘለዓለም የሚቆይ ዕድል አይደለም።

አንድ ምሳሌ

በእኛ ቤት የእናታችን የልደት ዘመን አከራካሪ ነበር። በሥራ ማኅደራቸው ላይ የሰፈረው ዓመት በግምት የተሞላ ነው። ወሎ የኖሩት አያታችን ግን ቁጥር ሳይጠቅሱ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «የግሸን ማርያም ዕለት፣ ወደ ማምሻው፣ ፀሐይ እንደ ማጭድ ቀጥና ወረደች። እናታችሁ ያን ጊዜ ገና ክርስትና አልተነሣችም። ዘመኑም ዮሐንስ ነበር።» እኛም የመጀመሪያ ዲግሪያችንን በያዝን ማግሥት፣ ፀሐይንና ጨረቃን ያሳሳቱ መስሎን ፈገግ ብለን አለፍነው። ከዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለን ንግግራቸውን እንደ ሦስት ልኬቶች ወስደን መረመርነው።

አንደኛው ልኬት ወሰን ነው። አያታችን ነገሩ የሆነው ከንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በኋላ፣ ከታኅሣሡ ግርግርም በፊት መሆኑን ይናገሩ ነበር። ኢዮቤልዩው የተከበረው በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ መፈንቅለ መንግሥቱ የተሞከረው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል መስከረም 21 ቀን የሚውለው የግሸን ማርያም በዓል አምስት ጊዜ ብቻ ተከብሯል፤ ከ1949 እስከ 1953።

ሁለተኛው ልኬት ቀሪ ነው። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምረን ለ4 ስናካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ከአምስቱ ዓመታት ውስጥ ያለ ቀሪ የሚካፈለው 1952 ብቻ ነው፤ 7,452 ለ4 ሲካፈል 1,863 ይሆናልና።

ሦስተኛው ልኬት ሰማይ ነው። የግርዶሽ ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1959 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ተከስቷል። የጨረቃ ጥላ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ ሰሃራን፣ ሱዳንንና ኢትዮጵያን አቋርጦ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር ወደ ማምሻው ላይ ነበር። ከጥላው መንገድ ውጭ ለነበረ ተመልካች ፀሐይ በከፊል ብቻ ተሸፍና እንደ ማጭድ ትታያለች። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ፊደል ያልቆጠሩት አያታችን ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። 1951 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ይህን ይዘን ከመስከረም 21 ቀን 80 ቀናት ወደ ኋላ ስንቆጥር ሐምሌ 7 ቀን 1951 ላይ እንደርሳለን። ስለሆነም የእናታችን የልደት ቀን ነሐሴ 17 ቀን 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 40 ቀናት የስህተት መጠን አለው።

ሳይለካ የቀረው

ይህን ውጤት ባገኘንበት ማምሻ ወደ ቤት ስልክ ደወልን። አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ነበረን፤ የአያታችን እናት ስማቸው ማን ነበር? በእኛ የስም አወጣጥ የአባትና የአያት ስም ከእኛ ጋር ይጓዛል። ሰባት ቤት ስንቆጥርም ብዙውን ጊዜ የምንጠራው ወንዶቹን ነው፤ የሴት አያቶች ስም ብዙውን ጊዜ በሰነድ ላይ አይሰፍርም። አያታችን ስልኩን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ድምፃችንን አላወቁትም። ስለ ግሸን ማርያምዋ ፀሐይ ስንጠይቃቸው «የማን ልጅ ነህ?» አሉን። እኅት ወንድሞቻቸው ቀደም ብለው አርፈው ስለነበር የሚጠየቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። ያ ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የ1952ቱን ግርዶሽ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪም ሊያሰላው ይችላል። ያንን ስም ግን የሚያሰላ ቀመር የለም።

ለተማሪዎች የሚሆን የአሠራር ምክር

1. በቅድሚያ ሊሰሉ የማይችሉትን ጠይቁ፤ ይኸውም ስም፣ በተለይ የሴቶችን ስም፣ የትውልድ ቀበሌንና ዝምድናን ነው።

2. «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ዘመኑ ማን ነበር? ምን በዓል? ምን ተዘርቶ ነበር? በሉ። የጣሊያንን መውጣት (1933)፣ አብዮቱን (1966)፣ የመሬት አዋጁን (1967)፣ የ1977ቱን ድርቅ እንደ ወሰን ድንጋይ ተጠቀሙባቸው።

3. ሰዎች ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ይልቅ አብዝተው እንደሚያስታውሱ ይታወቃል። ጥያቄያችሁን ከዚያ ጀምሩ።

4. መልሱን በአፋቸው አታስገቡ። ሁለት ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንዱ ከሌላው የሰማው ከሆነ ግን ሁለቱ እንደ አንድ ልኬት ይቆጠራሉ።

5. በገዛ ቃላቸው በስልካችሁ ቅዱ፤ ቀኑንና ቦታውንም መዝግቡ። አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ጦርነትን፣ ረሃብንና የልጅ ሞትን የመሰለ ጉዳይ ሲነሣ ዝም ካሉ ዝምታቸውን አክብሩ።

መልመጃ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። (ሀ) ዘመኑ ማን ነበር? (ለ) በዚያ ዕለት የት እንደነበራችሁና ከማን ጋር እንደነበራችሁ ጻፉ። (ሐ) በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስትሄዱ አያታችሁ በሕይወት ካሉ፣ የእናታቸውን ስም ጠይቃችሁ ከዚሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሦስተኛው ጥያቄ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አይተላለፍም።