ክንድ የምትለካዋም ትደክማለች

በዚህ ንባብ ውስጥ ሦስት ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። «ሥነ ምግብ» ማለት ምግብ በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሚያጠና ትምህርት ነው። «የሥራ ጫና» ማለት በአንድ ሰው ላይ የተቆለለ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ ነው። «መታከት» ደግሞ አንድ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ የማይለቅ ድካም ነው። ቃላቱን በደብተራችን ላይ እንጻፋቸውና ወደ ንባቡ እንለፍ።

በሬ ሲደክም ሁላችንም እናውቃለን። ምላሱን ያወጣል፣ ከቦዩ ይወጣል፣ ቢገርፉትም አይሄድም። ያን ጊዜ ብልህ ገበሬ ቀንበሩን ያወርዳል። ሰው በአእምሮው ሲደክም ግን ምልክቱ እንዲህ ቶሎ አይታይም። እኛም ራሳችን በዚህ ተሳስተናል።

በሶሮ ወረዳ፣ ከጊምቢቹ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ኬላ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን ነበር። ዕለቱ የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ነው። እናቶች ከጠዋት ጀምረው ተሰልፈዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብዙ አትናገርም፤ ፊቷም አይፈታም። «ይህች ልጅ ኩራተኛ ናት» ተባባልን። እስከ ቀትር ድረስ እንደዚያ ነበር የመሰለን።

ሥራዋ ምን እንደሆነ እንመልከት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለውን ልጅ የላይኛውን ክንድ መካከል በቀለማት በተከፋፈለች ሜትር ትለካለች። ከ12 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ደህና ነው። ከ11 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ በከፋ የምግብ እጥረት ተጎድቷል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቢጫ ነው። ቀጥላ የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። ጣቷ ሲነሣ ጎድጉዶ ከቀረ ልጁ አብጧል፤ ይህም ከፍተኛ አደጋ ነው። እንሰት በሚበላበት አገር ይህን እብጠት ማወቅ ይጠቅማል። ቆጮ፣ በሀዲያ ዋሳ የምንለው፣ ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነት ገንቢው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጅ ከዋሳው ጋር ወተት፣ አይብ፣ ባቄላ ወይም እንቁላል ማግኘት አለበት።

በቀትር አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቀረቡ። ክንዱ 11 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ሆነ። ቢጫ ነው። በቢጫ ላሉ ልጆች ተጨማሪ ምግብ የሚሰጥበት ጊዜና ቦታ አለ፤ በዚያን ዕለት ግን በኬላው አልነበረም።

«ልጄ፣ እስቲ ጠበቅ አድርገሽ ለኪው» አሉ አያትየው።

«እማማ፣ ባጠብቀው ክንዱን አሳምሜ መዝገቡን ማዋሸት ነው የሚሆነው። በሳምንቱ ይዘውት ይምጡ።»

አያትየው አዘኑ፤ ከኋላ የተሰለፉት ደግሞ አጉረመረሙ። አንዷ «ለዘመዶቿ ቢሆን ትሰጥ ነበር» ስትል ሰማን። ሠራተኛዋም ሰምታለች። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ጠጋ ብለን ጠየቅናት። «ቀዮቹስ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ» አለችን፤ «ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱኝ ቢጫዎቹ ናቸው።»

ይህ ሸክም በእርሷ ትከሻ ላይ እንዴት ወደቀ? ነገሩ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። በስዊድን መንግሥት ርዳታ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት አመጋገብን የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ። በኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የምንለው የሕፃናት ዱቄት የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ነገር ግን ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ለብዙ ዘመን የሚታከመው ተኝቶ ነበር። እናት ቤቷንና ሌሎች ልጆቿን ትታ ለሳምንታት ከታማሚው ጋር ትቀመጣለች።

ለውጡ ሲመጣ የእኛው አካባቢ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በ1993 ዓ.ም. በሀዲያ፣ በባደዋቾ፣ ክፉኛ የተጎዱ 170 ልጆች ምግብ እየተሰጣቸው ቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ተደረገ። 144ቱ አገገሙ፤ 7ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወደ ሌላ ሕክምና ተላልፈዋል ወይም አቋርጠዋል። ልጅ በእናቱ ቤት ሊድን እንደሚችል በዚህ ታየ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ቀበሌ 5,000 ሰው ያህል ይኖርበታል። ክትባቱ፣ መጸዳጃው፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ ወባው ሁሉ የእነርሱ ሥራ ሆነ።

በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ቀረ። ሀዲያን፣ ከምባታን፣ ወላይታን ችግር ያዛቸው። ኋላ ሲዘንብ ምድሩ አረንጓዴ ሆነ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ ጥጋብ ይመስል ነበር። በልጆቹ ክንድ ላይ ግን ረኃቡ ይነበብ ነበር። የዚያን ጊዜ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው ሕክምና ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ በስፋት ወረደ። ለእናቶች መንገዱ አጠረ። ለሁለቱ ሠራተኞች ግን በነበረው ሥራ ላይ ሌላ ትልቅ ሥራ ተጨመረ። ይህን የምንለው ሕክምናው መውረዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዕዳውን ማን እንደተሸከመ ለማሳየት ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ለቀይ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 3 ፓኬት ያህል ያስፈልገዋል። በሳምንት 21 ፓኬት ይሆናል። እናት ለሦስት ልጆች እኩል ብታካፍለው ለታማሚው የሚደርሰው 7 ነው፤ በቀን አንድ ማለት ነው። እናት ብታካፍል አንፈርድባትም፤ ሌሎቹም ልጆቿ ናቸው፣ ሌሎቹም ርቧቸዋል። ነገር ግን ልጁ ክብደት አይጨምርም። መዝገቡ ላይ «አልዳነም» ተብሎ ይጻፋል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ለምን አልዳነም?» ተብላ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት። እናት «አካፍዬዋለሁ» ብላ እውነቱን ብትናገር ሠራተኛዋ ሌላ ዘዴ ትፈልግ ነበር። ስለማይነገራት ጥፋቱን ራሷ ላይ ታደርጋለች።

እንዲህ ያለው ነገር ለወራት ሲቆይ መታከት ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዝርዝር በሥራ ምክንያት የሚመጣውን መታከት ከነምልክቶቹ ጽፎታል። በሽታ አላለውም፤ ለረጅም ጊዜ ካልተቃለለ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው ብሎታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ጉልበት ይሟጠጣል። ሰውዬው ከሥራው ይርቃል፣ ሥራውን ይጠላል። «ምንም የሚረባ ነገር አልሠራሁም» የሚል ስሜትም ያድርበታል። ያ ኩራት ያልነው የሠራተኛዋ ዝምታ ምናልባት ሁለተኛው ምልክት ነበር። በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ከዚህ አያመልጡም። እነርሱም በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ በልክ ወተት የሚጠጣ ሕፃን አጠገብ ያድራሉ፤ አንዳንዱም በእጃቸው ላይ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክፉ መንፈስ ያዛት፣ ዓይን በላት ማለት አይረዳትም። ሁለቱ ሠራተኞች ልኬታውን ቢፈራረቁ፣ የቀበሌው ሰው ሰልፉን ቢያስተካክል፣ ዕረፍቷ በዕረፍትነቱ ቢከበርላት ጫናው ይቀላል። የሰማችውንና ያየችውን የምታወራው ሰው ያስፈልጋታል። እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። «መኖር አስጠላኝ» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን ብቻዋን መተው የለባትም፤ በዚያው ቀን ሰው ይዟት ይሂድ። ዱሮ የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታሰበው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ዛሬ በጤና ጣቢያም ስለዚህ የሠለጠኑ ነርሶች ይገኛሉ። ይህ ምክር ለገበሬም፣ ለመምህርም፣ ለማንም ያው ነው።

በሳምንቱ ወደ ኬላው ተመለስን። አያትየው ቀድመውን ደርሰዋል። ልጁ ተለካ፤ 11 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሜትሩ ቀይ አሳየ። ፕላምፒ ነቱን ቀምሶ መብላት መቻሉ ታየና 21 ፓኬት ተቆጥሮ ተሰጠ። አያትየው በደስታ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ሠራተኛዋ «አሜን» አለች፤ ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ሁለተኛዋ ሠራተኛ ምንም ሳትጠይቅ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።