ቁልቋልና ጻባር ዘመዶች ናቸው?

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ፔታ ቲክቫ ነው፤ 16 ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛዬ የአያቴ ቤት አማርኛ ነው። የሳይንስ ቃል ሲያጥረኝ ዕብራይስጡን በአማርኛ ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በሕንጻችን መግቢያ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ፣ ሁለት ረጃጅም ተክሎች አሉ። ሁለቱም ቅጠል የላቸውም። ግንዳቸው አረንጓዴና ወፍራም ነው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው፣ በእጥፉ ጫፍ ላይ እሾህ አለ። እኔ ሁለቱንም "ካክቱስ" ነበር የምላቸው። ጎረቤቶቻችንም እንደዚያ ነው የሚሏቸው። ባለፈው በጋ ለባዮሎጂ ሥራ ከሁለቱም ትንሽ ልቆርጥ በቢላዋ ወረድኩ። የስድስት ዓመት እህቴም ተከተለችኝ። የመጀመሪያውን ስቆርጠው እንደ ውኃ ያለ፣ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ወጣ። ሁለተኛውን ስቆርጠው ግን ነጭ ወተት ፈሰሰና የእህቴን ጣቶች ነካ።

አያቴ ከበረንዳ ያዩን ነበር። "ዓይኗን! ዓይኗን እንዳትነካ! እጇን ያዝ!" ብለው ጮኹ። አያቴ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ አዋቂ መስዬ "ካክቱስ እኮ ነው፣ ምንም አያደርግም፣ ጻባር እንበላ የለም ወይ?" ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ግን ወርደው፣ እጇን ይዘው፣ በሳሙናና በብዙ ውኃ አጠቧት። ደህና ሆነች። ከዚያ በኋላ "ይኼ ቁልቋል ነው ልጄ" አሉኝ። "ወተቱ ዓይን ያጠፋል። በጎንደር ለአጥር እንተክለዋለን፣ ከብት እንኳ አይቀምሰውም።"

"ያኛውስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀረብ ብለው የቆረጥኩበትን አዩ። "ቁልቋል ይመስላል። ወተት ከሌለው ግን አይደለም" አሉኝ።

በኋላ መጽሐፍ ሳነብ አያቴ ትክክል እንደሆኑ አወቅኩ። እኔ መልኩን አይቼ ነው የፈረድኩት፤ እሳቸው ግን ውስጡን ነው ያዩት።

የካክቱስ ቤተሰብ አገሩ አሜሪካ ነው። ከአንዲት ዝርያ በቀር ካክቱሶች ሁሉ በተፈጥሮ የሚገኙት ከካናዳ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ብቻ ነው። ቁልቋል ግን የአፍሪካ ልጅ ነው፣ የኢዩፎርቢያ ወገን ነው። ሁለቱ ተክሎች የጋራ ቅድመ አያት የነበራቸው ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያ ቅድመ አያት ቅጠል ያለው ተራ ተክል ነበር። ስለዚህ ወፍራሙን ግንድና እሾሁን ከእሱ አልወረሱም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየአገሩ፣ በውቅያኖስ ተለያይቶ እያለ ነው ያገኘው። ይህ በዕብራይስጥ "ኤቮሉትስያ ሚትካኔሴት" ይባላል። በአማርኛ "የሚገናኝ ዝግመተ ለውጥ" ብንለው ጥሩ ይመስለኛል፤ ከተለያየ ቦታ ተነስቶ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛልና።

ለምን ተገናኙ? በውኃ ምክንያት ነው። በጎንደር ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለወራት ዝናብ የለም፤ በሜክሲኮ ደረቅ ቦታዎችም እንደዚሁ። ቅጠል ሰፊ ከሆነ ውኃ በብዛት በእሱ ይወጣል። በድርቅ ጊዜ ቅጠሉ ያነሰ፣ ግንዱ ወፈር ያለ ተክል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይተርፋል፤ ዘርም የሚተወው እሱ ነው። ተክሉ "ውኃ ላስቀምጥ" ብሎ አላሰበም። የማይመቸው ሞተ፣ የተመቸው ዘራ፣ ይህ በሚሊዮን ዓመታት ተደጋገመ። በመጨረሻ የቅጠሉን ሥራ ግንዱ ወሰደው፤ አረንጓዴ የሆነውም ለዚህ ነው። እጥፋቱም ጥቅም አለው፦ ዝናብ ሲመጣ ግንዱ ሳይቀደድ ያብጣል፣ በድርቅ ደግሞ ይሰበሰባል።

በጣም የገረመኝ የሌሊቱ ነገር ነው። ብዙ ተክሎች በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ፒዮኒዮት የምንላቸውን፣ ቀን ይከፍታሉ። ካክቱስና ቁልቋል ግን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ውኃ ብዙ አይባክንም። ሌሊት ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀዳዳውን ዘግተው ከእሱ ስኳር ይሠራሉ። መልክ ብቻ ቢሆን እሺ፣ ግን ይህን የመሰለ የተወሳሰበ ሥራ ሁለቱም ለየብቻ ማግኘታቸው ለእኔ ከእሾሁ ይበልጥ ይደንቃል።

ታዲያ እንዴት እንለያቸዋለን? አንደኛው የአያቴ ዘዴ ነው፦ ወተቱ። (እባካችሁ ለመሞከር አትቁረጡ!) ከዚያ እሾሁን እዩ። የካክቱስ እሾህ የሚወጣው እንደ ጥጥ ካለች ትንሽ ትራስ ላይ ነው፣ ብዙ ሆኖ በአንድ ላይ ይወጣል። የቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ትራስ የለውም። አበባቸውም አይገናኝም፦ የካክቱስ አበባ ብዙ ጊዜ ትልቅና ያማረ ነው፣ የቁልቋል አበባ ግን ትንሽና ቢጫ ናት።

የእውነት ዘመዶቻቸው ደግሞ ምንም አይመስሏቸውም። የቁልቋል ዘመድ ጉሎ ነው፤ በአገር ቤት ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ። እዚህም በየባዶ ቦታው ይበቅላል፣ በዕብራይስጥ ቂቃዮን ይባላል። ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ሰፊ ነው። የካክቱስ የሩቅ ዘመድ ደግሞ ቀይ ሥር ነው፤ አያቴ ሰላጣ የሚሠሩበት። ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

ስለ ጻባርም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው "ጻባር" ይባላል፤ ስለዚህ እኔ ጻባር ነኝ፣ አያቴ አይደሉም። ግን ተክሉ ራሱ የመጣው ከሜክሲኮ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው ወደዚህ የባሕር ዳርቻ የተሻገረው። እሱም ኦሌ ነው ማለት ነው! ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ በትግራይ በለስ ተባለ፣ በብዛትም ይበላል። በአማርኛ ስሙ ደግሞ "የባሕር ቁልቋል" ነው። ቁልቋል መሰላቸው፣ ግን ከባሕር ማዶ እንደመጣ ስሙ ላይ ጻፉት፤ ልክ ባሕር ዛፍ እንዳሉት። ይህን ስም ያወጡ ሰዎች ከእኔ ይበልጥ ጥንቁቆች ነበሩ።

እንደዚህ ያለ ነገር በሌላም ቦታ አለ። በሰሜን ተራሮች ላይ ጅብራ አለ፤ አያቴ በልጅነታቸው አይተውታል። ቅጠሎቹ በአናቱ ተሰብስበው፣ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥቶ ይሞታል። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ፑያ ራይሞንዲ የሚባል ተክል አለ፤ እሱም ከፍታ ላይ እንደዚያው ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። የፑያ ዘመዱ ግን አናናስ ነው።

መልክ ሰውን ያታልላል፤ ነፍሳትን ግን ሁልጊዜ አያታልልም። ኮሽኒል የሚባል ትንሽ ነፍሳት አለ፤ ሲጨፈለቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። የሚኖረው በካክቱስ ላይ ብቻ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ለቀለም ተብሎ ትግራይ ገባ፣ ከዚያ አመለጠና በለሱን ማጥፋት ጀመረ፤ በለስ ሸጠው የሚኖሩ ገበሬዎች ብዙ ተጎዱ። ወደ እስራኤልም የእሱ ዘመድ የሆነ ሌላ ኮሽኒል በ2013 አካባቢ ከሰሜን በኩል ገባ፣ ብዙ የጻባር አጥርም አደረቀ። ቁልቋልን ግን አይነካውም። እሾሁ፣ ግንዱ፣ የሌሊት ሥራው አንድ ዓይነት ቢሆንም ለኮሽኒል ምግቡ አይደለም። እኔ አምስት ዓመት በሙሉ በመግቢያው ሳልፍ ያላወቅኩትን ያ ትንሽ ነፍሳት ሳይማር ያውቃል።

ከዚያ ቀን በኋላ የቫዓድ ባይቱን ሰውዬ አነጋገርኩ። ተክሉን ሊነቅለው ፈልጎ ነበር፤ አያቴ "ምን አደረገህ? አትንካው፣ አይነካህም" ብለው ተቆጡት፤ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላቸው። አሁን በመግቢያው ሁለት ሰሌዳ አለ። በአንደኛው "ካክቱስ" የሚል ተጽፏል። በሁለተኛው በዕብራይስጥ፣ በሩስኛና በአማርኛ "ቁልቋል። ወተቱ ለዓይን አደገኛ ነው" ተብሎ ተጽፏል። አማርኛውን አያቴ እየነገሩኝ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ "ቋ" የምትለዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር።