አሮጌውን አብሮ ማደስ

የጥናት ንባብ፦ ነህምያ 2፥11-18 እና 3፥1-12
ዓላማ፦ የቆየ የቤተሰብ ቅያሜ በገንዘብ ብቻ እንደማይጠገን ማወቅ

ሪያድ ያለን ብዙዎቻችን ፍቅራችንን የምንገልጸው በሐዋላ ነው። ገንዘቡ ይደርሳል፤ የተበላሸው ነገር ግን አንዳንዴ እንደተበላሸ ይቀራል። ለዚህ ምሳሌ የምትሆነኝ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ያደስናት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ለአባታችን ቤት ማሠሪያ በተላከ ገንዘብ ምክንያት ከዓመት በላይ ተኳርፈን ነበር። እሱ መኪናዋን ገዛና "አርብ አርብ እየመጣህ አብረን እንሥራት" ብሎ ሰው ላከብኝ።

1. አስቀድሞ ጉዳቱን ማየት

ነህምያ ስለ ግንባታ ከመናገሩ በፊት በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠሉትን በሮች ተመለከተ። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቮልስን እናውቃታለን። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። እርጥበቱና የባትሪው አሲድ ወለሉን ውስጥ ለውስጥ ሲበላው ከላይ ቀለሟ ያብረቀርቃል። ሪያድ ደረቅ ስለሆነ ላሜራ እንደዚያ አይዝግም፤ ፀሐዩ ግን ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የኮሮላችንም የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀው ነበር። እንግዲህ አገሩ ሲለያይ ጉዳቱም ይለያያል፤ እዚያ የቀረውና እዚህ ያለው ሰው የተጎዱት በአንድ ቦታ አይደለም። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት እንደማይበጅ ሁሉ፣ ሳይነጋገሩ "ይቅር ተባብለናል" ማለትም አይበጅም።

2. በገዛ እጅ መሥራት

በምዕራፍ 3 ላይ ካህናቱ፣ ወርቅ አንጥረኞቹ፣ ሽቱ ቀማሚዎቹ ሁሉ ሠርተዋል። ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሐ ታላላቆች ግን ትከሻቸውን አላዋጡም። እኔም "ሰናይያ ወስደን እናሠራት፣ ግማሹን እከፍላለሁ" ስለው፣ ወንድሜ "የጎደለኝ ገንዘብ አይደለም፣ ወንድም ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ከከተማው በስተደቡብ በሐኢር መንገድ ካለው ተሽሊህ መስታወቱንም የበር እጀታውንም አብረን ፈልገን አመጣን።

3. እርስ በርስ መደማመጥ

ቱቦዎቹን ከቀየርን በኋላ ከፍሬኑ ውስጥ አየር ማውጣት ነበረብን። በኛ ዓይነት አሠራር ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ብሎን ከፍቶ አየሩን ያስወጣና ይዘጋል። ብሎኗ ሳትዘጋ እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ "ርገጥ"፣ "ያዝ"፣ "ልቀቅ" መባባል የግድ ነው። ያኮረፈ ሰው ይህን መሥራት አይችልም። በዚያው አርብ የቤቱን ገንዘብ አንስተን ማን ስንት እንደላከ በወረቀት ጻፍን። በሁሉም አልተስማማንም፤ ግን ለአባታችን አንድ ላይ ደወልን። እሱም ስለ ገንዘቡ ሳይጠይቅ "አንድ ላይ ናችሁ?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን።

የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን አለቀ። የኛ መኪና አምስት ወር ፈጀች። የቤተሰብ ቅያሜ ከዚህም በላይ ሊፈጅ ይችላልና አንታክት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቤተሰባችን መካከል ከላይ ተቀብቶ ከሥር የዛገ ነገር አለ ወይ?
ለ. ገንዘብ ልከን እጃችንን የሰበሰብነው ከማን ነው?
ሐ. በዚህ ሳምንት ቀድመን የምንደውለው ለማን ነው?

ጌታ ቤታችንን ይጠግን። አሜን።